ሳይታይ የተፈረደበት ካርቱን

ዳይሬክተሩን የሙያ ጓደኞቹ «ይደገም» ነው የሚሉት። ቀረጻ ላይ ተዋናይ አንጀቱ እስኪላወስ ያለቀሰበትን ትዕይንት እንኳ «ቆንጆ ነው፤ ግን ይደገም» ሳይል ስለማያልፍ የወጣለት ስም ነው። እሱም ስሙን አይጠላውም። ከቀረጻ ውጭ ግን ይደገም አንድን ነገር ሁለቴ የማየት ልማድ አልነበረውም። ያን ቀን በፊልም ሽልማቱ ኮሚቴ ፊት የሰጠው ፍርድ ደግሞ አንዴም ሳያይ የሰጠው ነው።

ስብሰባው የተጠራው ለአንድ ጥያቄ ነበር። ሽልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የአኒሜሽን ቦታ የታወቀ ነው። «የልጆች ፊልም» የምትባል አነስ ያለች ዋንጫ አለችው፤ እሷም የምትሰጠው እንግዶች ገና ወንበር እየፈለጉ ሳለ ነው። ተሸላሚው መድረክ ላይ ሲያመሰግን አዳራሹ እርስ በርሱ ሰላምታ ይለዋወጣል። ዘንድሮ ግን አንዲት ሴት ለዓመታት ጎንበስ ብላ በእጇ የሳለችውን ፊልም «የዓመቱ ምርጥ ፊልም» ለሚባለው ለዋናው ውድድር አስገባች። ደንቡ ይፈቀዳልም አይፈቀድምም አይልም፤ ያወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም። ሴትዮዋ ደግሞ የይደገም ታናሽ እህት ናት።

«ስለ ፊልሙ ስንነጋገር አንተ ትወጣለህ» አሉት ሰብሳቢዋ። ጡረታ የወጡ የቲያትር መምህርት ናቸው፤ ግማሹን ኮሚቴ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ደንቡ ነው። ካርቱን ከሰው ፊልም እኩል ይወዳደር ወይስ አይወዳደር? ነገሩ በቤትህ ያለ ስለሆነ አንተ ከእኛ ሳትሻል አትቀርም። እስቲ ተናገር።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። የይደገምም ልብ ቶሎ ወደ ራሱ ዞረ። ይወዳደር ቢል ለሥጋው አደላ ሊባል ነው። ሃያሲው እዚያው ተቀምጧል፤ የሬዲዮ ፕሮግራም ያለው፣ ሰው ሲንሸራተት ለማየት ሻዩን ትቶ የሚነሳ ሰው ነው። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና ይደገም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፊልም ማለት ሰው ነው» አለ። «ካሜራ ፊት የሚቆመው የሚያልበው፣ የሚርበው፣ የሚያረጅ ሰው ነው። አንዲት ተዋናይ እንባዋ እውነተኛ እስኪሆን ድረስ ስንት ጊዜ እንደማስደግማት ታውቃላችሁ። ስዕል ምን ይሆናል? ቢበላሽ ይጠፋል፣ ሌላ ይሳላል። ስዕል ዋናው ውስጥ ይግባ ካላችሁማ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም አለ። እሱም ስዕል ነው፤ በወር አንዴም ይንቀሳቀሳል። እሱም ይወዳደራ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው የፊልሞቹን ሁሉ ያነሳለት አሮጌ ጓደኛው ካሜራማኑ ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። እጅ ወጣ፤ ካርቱን በቦታው፣ በልጆቹ ዋንጫ፣ እንዲቆይ ተወሰነ። ሰብሳቢዋ ቃለ ጉባኤውን ከመዝጋታቸው በፊት ለወጉ ያህል፣ «ፊልሙን መቼም ሁላችንም አይተነዋል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይደገምም ነቀነቀ።

እዚህ ላይ የኮሚቴውን አንድ ልማድ መናገር ግድ ነው። ማንም በአፉ አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። የውድድር ፊልሞች በፍላሽ ሲከፋፈሉ የሰው ፊልም የሆነውን አባሉ ራሱ ያያል፤ ካርቱን የሆነው ለልጆች ይሰጣል። ልጅ ሳይነሳ ከጨረሰው ጥሩ ፊልም ነው ማለት ነው፤ ከተነሳ ግን አይረባም። ነጥብ የሚሰጠው በዚህ ነው። ይደገምም እንደ ልማዱ ፍላሹን ለሚስቱ ሰጥቶ «ለልጆቹ ክፈቺላቸው» ብሏት ነበር። ሚስቱ ከልጆቹ ጋር ማየት ጀመረች፤ መሀል ላይ ልጆቹን ውጭ ተጫወቱ ብላ አስወጣቻቸውና የቀረውን ብቻዋን ጨረሰች። ማታ ዓይኗ አብጦ አገኛት።

«እህትህ የሠራችውን ፊልም ቁጭ ብለህ እየው» አለችው።

«ነገ አየዋለሁ።»

በማግስቱም «አየኸው?» አለችው፤ «ነገ» አላት። ነገ ነገን እየወለደ የስብሰባው ቀን ደረሰ። ሳያየው ሄደ፤ ሳያየው ፈረደ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የቀን መቁጠሪያው ቀልድ ሳምንት ሳይሞላው ሃያሲው ሬዲዮ ላይ አወጣው። «አንድ አንጋፋ ዳይሬክተራችን እንዳሉት» ብሎ ጀምሮ አንድም ቃል ሳያጓድል ተረከው። ይደገም ቅዳሜ ምሳ እየበላ ሰማውና መጀመሪያ ፈገግ አለ። ሚስቱ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እህትህ ስትስል ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ነው የምትሰማው» አለችው።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ የሚያደርግበት ጠፋው። ሚስቱ ጠረጴዛውን አነሳሳች፣ ኮምፒውተሩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፣ ፍላሹን ሰካችለት። ከዚያ ልጆቹን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ሆና፣ «ስንመለስ እናወራለን» ብቻ አለችው።

ፊልሙ ስለ አንዲት አሮጊት ነው። ቤቷ ውስጥ ናት፤ መርሳት ጀምራለች። የረሳችው ነገር ሁሉ ከስዕሉ ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ የሲኒው ቀለም ይሄዳል፣ ቀጥሎ መስመሩ፣ ከዚያ እጇን ስትዘረጋ የምታገኘው ነጭ ወረቀት ነው። መስኮቱ ጠፋ። ጎረቤቷ ሰላም ልትላት መጥታ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ጠፋች። ይደገም በካሜራ ይህን ልሥራ ብል ከየት እጀምራለሁ ብሎ አሰበ። ሙያው ላይ ሐሳቡን ያሳረፈው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ምክንያቱም አሮጊቷ ቀና ስትል እናቱ ሆና አገኛት። ግንባሯን የምትቋጥርበት፣ ነገር ሲጠፋባት ከንፈሯን የምትነክስበት ሁኔታ ሳይቀር እሷው ናት።

እናቱ ከሞተች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። መርሳት በጠናባት ጊዜ ያስታመመቻት እህቱ ናት፤ ይደገም ሩቅ አገር ቀረጻ ላይ ነበር። የሚቀርጸው ፊልም ልጇን በር በሩን እያየች ስለምትጠብቅ እናት ነው። እህቱ ትደውልለት ነበር። በመጨረሻ ግን፣ «ወንድም ጋሼ፣ ብትመጣም አታውቅህም። እኔንም አታውቀኝም፤ ማንንም አትለይም። ሥራህን ጨርስ» አለችው። ይህን ቃል ይዞት ኖረ። ለቀብር ደረሰ፤ ፊልሙም በዓመቱ ዋናውን ሽልማት በላ። መድረክ ላይ ወጥቶ እናቱን ሲያመሰግን ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ሌሊት ሌሊት የሆነ ነገር ሲከነክነው፣ ብሄድም አታውቀኝም ነበር ይልና ይገላበጣል።

ኮምፒውተሩ ላይ አሮጊቷ ሴት ልጇን መርሳት ጀመረች። ልጅቷ ታጎርሳታለች፤ ከእግሯ ጀምሮ እየነጣች ወደ ላይ ሄደች፤ በመጨረሻ ማንኪያው ብቻ አየር ላይ ቀረ። ቤቱ ሁሉ ወረቀት ሆነ። በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ወንበር ግን ቀለሟ አልሄደም። ወንበሯ ላይ ኮሌታዋ የተላላጠ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ተንጠልጥላለች። የይደገም ጃኬት ናት፤ ዓመታት ቀረጻ ላይ ከትከሻው ያልወረደች፣ እናቱ ቤት ረስቶ የተዋት። አሮጊቷ ወንበሯን እያየች፣ «አለኝታዬ መጣ?» አለች።

እናቱ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ የምትለው አለኝታዬ ነው።

ነጭ የሆነችው ልጅ ወደ ወንበሯ ሄደች። ከዚያ ጃኬቷን አንስታ ለበሰች፤ ድምፅዋን አጎረነነችና «አለሁ እማዬ፤ መጣሁ» አለች። ያኔ ቀለም ተመለሰላት። ፊቱ ግን የእሷ አልነበረም፤ የይደገም ፊት ነው። አሮጊቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ያን ፊት ዳሰሰች፣ ጉንጩን ሳመች፣ ሳቀች። እያንዳንዱ ቀን እንዲህ ሆነ፤ ልጅቷ ወንድሟን ለብሳ ታጎርሳለች፣ ወንድሟን ለብሳ ታጥባለች። አሮጊቷም እጁን ይዛ ሞተች።

ይደገም ስክሪኑ ከጠፋ በኋላም አልተነሳም። እናቱ ማንንም የማትለይ አልነበረችም። ለይታ የቀረችው እሱን ብቻ ነው። እህቱ ደግሞ ይህን አውቃ፣ ፊቷን አጥፍታ፣ የእሱን ፊት ለብሳ እናቱን አሰናበተችለት። እሱ የቀን መቁጠሪያ ብሎ አሳቀባት። አፈረ፤ ብቻውን ሆኖ እንኳ ፊቱን የሚያስቀምጥበት አጣ።

ሚስቱ እስክትመለስ አልጠበቀም። እህቱ የምትሠራበት ክፍል ከአንድ ሕንጻ ጓሮ ነው፤ ከሥሩ መብራት የሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ፣ እስከ መስኮቱ የተቆለለ ወረቀት፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ የፊት መስታወት። የሰው ፊት ስትስል ፊቷን እያጨማደደች በዚያ መስታወት አይታ ነው የምትስለው። እናቷን ከየት እንዳመጣቻት ያን ጊዜ ገባው።

«ወንድም ጋሼ፣ ግባ እንጂ» አለችና ሬዲዮውን ቀነሰችው።

«አየሁት» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«መቼ?»

«አሁን። አሁን ገና።»

«ገብቶኛል» አለች። «ቀደም ብለህ አይተኸው ቢሆን ትደውልልኝ ነበር። አልደወልክም፤ እንግዲህ ወይ አላየውም፣ ወይ ተቀይሞኛል ብዬ ስብሰለሰል ነበር። ያችን ቀልድ ስሰማ አለማየትህን አወቅኩ። አይተኸውማ እንደዚያ አትቀልድም።»

ብትቆጣው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ወንበር ላይ ያለውን ወረቀት አንስታ ቦታ አዘጋጀችለት።

«ሚጣ፣ አታውቅህም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

አርባን አልፋለች፤ ለእሱ አሁንም ሚጣ ናት።

«ምን ልበልህ ታዲያ? ቀን ከሌት የማስታምማትን እኔን ረስታ አንተን ትጠራለች ልበልህ? ልብህ ተሰብሮ ሥራህንም አትሠራ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ኋላ ግን ሆዴ አልችለው አለ። በአፌ ልነግርህ ስል አይወጣልኝም፤ ስስል ግን እየመጣ አስቸገረኝ።»

«ለዋናው ውድድር ያስገባሽው...»

«አንደኛ፣ አንተ እንድታየው ነው። ሥራዬን መጥተህ አይተህ አታውቅም። ዳኛ ግዴታው ነው ያያል ብዬ ነው።» የወረቀቱን ቁልል አስተካከለች። «ደግሞ አልዋሽህም፣ ሽልማቱንም እፈልገዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ የሳልኩት ሰው ወንበር ሲፈልግ እንዲያጨበጭብልኝ አይደለም። ስዕል ነው እንጂ ቀልድ አይደለም የሠራሁት።»

«ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ቃሌን አነሳለሁ።»

«አስብበት» አለችው። «ዋናው ውስጥ ከገባ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጃኬቷን የማያውቃት የለም፤ ያልመጣው ልጅ ማን እንደሆነ ይገባቸዋል። በልጆቹ ዋንጫ ውስጥ ከቀረ ግን ማንም አያየውም፣ አንተም ስምህ አይነሳም። እኔ እንደሆን ቂም ይዤብህ አላውቅም። ምን ታደርግ ነበር? ቀረጻው አልለቅህ አለ። መምጣት አትችልም ነበር።»

ይደገም ግን ዝናቡ ትዝ አለው። በዚያ ቀረጻ መሀል ዝናብ ገብቶ ሥራው ለብዙ ቀን ቆሞ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፤ አውቶቡስም ነበር። ቡድኑ ሆቴል ውስጥ ካርታ ሲጫወት ሰነበተ፤ ይደገምም አብሮ ተጫወተ፣ እያሸነፈም ነበር። እናቱን በዚያ ሁኔታ ማየት ፈርቶ እንጂ የያዘው ነገር አልነበረም። ይህን ለእህቱ ሊነግራት ይገባ ነበር፤ እሷ ደግሞ በእምነት ዓይን እያየችው ነው። ፈራ። «እንዳልሽው ነው» ብሎ ወጣ።

ቢሆንም ኮሚቴውን አስጠራ። እንቅልፍ የነሳው ነገር እንዲህ ወይም እንዲያ እንዲያልቅለት ፈልጎ ይሁን ለእህቱ አስቦ ራሱም በደንብ አያውቀውም። ብቻ ሁሉም ተሰብስበው ሲቀመጡ ተነሳና፣ «ያን ፊልም ሳላየው ነው የፈረድኩበት። አይቻለሁ ብዬ ራሴን የነቀነቅኩት ውሸቴን ነው። ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ» አለ።

ሃያሲው የሚበላ ነገር እንዳገኘ ሰው ቀና አለ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል አቀረቀረ። ካሜራማኑ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ቤትም ያዩት የልጅ ልጆቼ ናቸው» አለ። ሃያሲው፣ «መጀመሪያውን አይቻለሁ» አለና መጀመሪያው እስከየት እንደሆነ ሲጠየቅ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር ብቻ እንደሆነ አመነ። በመጨረሻ ሁሉም ሰብሳቢዋን አዩ።

«እኔ ልጆቼ ትልልቅ ናቸው» አሉ ሰብሳቢዋ። «ከጎረቤት ተውሼ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ ተነስተው መጋረጃውን ራሳቸው ዘጉ። «አንተ ከፈለግክ ውጣ» አሉት ይደገምን። አልወጣም፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያልወጣው መውጣቱ የሚቀልለው ስለነበር ነው።

ፊልሙ ግድግዳው ላይ ተከፈተ። ሲኒው ሲጠፋ ሃያሲው መጻፉን ተወ። ጎረቤቷ ስትጠፋ ሰብሳቢዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይደገም የሚጠብቀው ወንበሯን ነው። ወንበሯ መጣች፤ ጃኬቷም። አሮጊቷ «አለኝታዬ መጣ?» ስትል የክፍሉ ሰዎች ጀርባ ሁሉ ደረቀ፤ ማን እንደሆነ አውቀዋል። አንድም ሰው ግን ዞሮ አላየውም። ቢያዩት ይሻለው ነበር። ፊቱ የእህቱ አካል ላይ ተተክሎ ከግድግዳው ላይ ሲስቅ፣ እናቱ ጉንጩን ስትስመው፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ አየ።

መብራት በራ። ካሜራማኑ ሳይዞር፣ «ያ የዝናቡ ጊዜ ነው አይደል?» አለ።

«ነው።»

«ካርታ ስንጫወት።»

«አዎ» አለ ይደገም ሰው ሁሉ እየሰማ። «መሄድ እችል ነበር።»

ካሜራማኑ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርገው ቆየ። ሃያሲው ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። ሰብሳቢዋ፣ «በል፣ ከእንግዲህ ስለ ፊልሙ ነው የምንነጋገረው። ደንቡ ደንብ ነው፤ ውጣልን» አሉት፤ ድምፃቸው የድሮ ተማሪያቸውን ለማባበል የሚጠቀሙበት ድምፅ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የሲሚንቶው ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው፤ ተደገፈበት። አሁን ሌሎች ሁሉ ያወቁትን እህቱ ብቻ አታውቅም። ከሃያሲው አፍ ከምትሰማው ብሎ ስልኩን አወጣና ደወለላት።

«ሚጣ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። መምጣት እችል ነበር። ዝናብ ቀረጻውን አስቁሞት ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር። ሆቴል ቁጭ ብዬ ካርታ እጫወት ነበር። እማዬን እንደዚያ ሆና ማየት ፈርቼ ነው የቀረሁት። አንቺ ቀረጻው አልለቅህ አለ ስትይኝ ደግሞ ዝም አልኩሽ።»

ከወዲያ በኩል የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጠፋ።

«እማዬ ለምን ቆየህ ትለኝ ነበር» አለች እህቱ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ጃኬትህን ለብሼ ስገባ ሁልጊዜ ለምን ቆየህ ነበር የምትለኝ። እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ነው እማዬ፣ ቀረጻው አንድ ቀን ቢለቀኝ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር እላታለሁ። አላምን ስትል ደግሞ እምልላታለሁ። በአንተ ስም ማልኩላት፣ ወንድም ጋሼ። እሷም አመነችኝ።»

ይደገም ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

ያን ጊዜ የስብሰባው በር ተከፈተና ሰብሳቢዋ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «በሙሉ ድምፅ ዋናው ውስጥ ገብቷል» አሉት። «እኛ ከምንነግራት አንተ ብትነግራት ነው ደስ የሚላት። መስመር ላይ ናት? በል ንገራት እንጂ።»

ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። እህቱ ግን ዘግታው ነበር።